የእናቴ ፓስወርድ

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ከጮኸ እናቴ ናት። «እንዴት ዋልሽ» የለም፣ «በላሽ ወይ» የለም። «ልጄ፣ ያ ነገር ጠፋብኝ» ትለኛለች። «ያ ነገር» አንድ ቀን የማውሱ ቀስት ነው። ሌላ ቀን ከፍታ የተወችው ታብ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትጽፈው ያመሸችው ገጽ ነው። መቼም እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ስልክ ሳይደወል አይቀርም፤ አባት የባንክ አፕሊኬሽኑ አልከፈት ብሎት፣ አክስት ቴሌግራሟ ውስጥ የማታውቀው ሰው ገብቶባት። ከሆነ ታሪኬ ይገባችኋል። ስታነቡት የምትታዘቡት ግን እናቴን ሳይሆን እኔን ነው፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

እናቴ የትምህርት ቤት ላይብረሪያን ናት። ዕድሜዋ 56 ነው፣ ለጡረታ 4 ዓመት ቀርቷታል። በላይብረሪ ሳይንስ ዲፕሎማዋን ይዛ በገባችበት የግል ትምህርት ቤት 27 ዓመት ሠርታለች። እኔም የተማርኩት እዚያው ነው፤ የሠራተኛ ልጅ ስለሆንኩ በግማሽ ክፍያ። ማታ ማታ ጓደኞቼ ሰርቪስ ሲሳፈሩ እኔ ላይብረሪ ውስጥ ሆኜ እናቴ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። ጠረጴዛ ላይ የቀሩ መጻሕፍትን ሰብስቦ ወደየመደርደሪያቸው መመለስ የእኔ ሥራ ነበር። በጀርባቸው የተለጠፉትን ቁጥሮች ከማባዣ ሰንጠረዥ እኩል ለመድኳቸው። 500 ሳይንስ ነው፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክ። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ 963 የቤታችን ቁጥር ይመስለኝ ነበር።

8ኛ ክፍል ስደርስ ማፈር ጀመርኩ። የጓደኞቼ እናቶች ባንክ ይሠራሉ፣ ሱቅ አላቸው፣ መኪና ይነዳሉ። የእኔ እናት ሹራብ ደርባ «ዝም በሉ!» የምትል ሴት ናት። አንድ ቀን አዲስ የመጣች ልጅ «ያቺ ላይብረሪ የምትቀመጠው ሴትዮ ዘመድሽ ናት እንዴ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። እናቴ ሁለት ሜትር ርቃ ካርድ እየጻፈች ነበር። ሰምታ እንደሆነ እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም።

በመጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መምህራኑ ወርክሺት በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ላይብረሪ ግን በቴሌግራም አይላክም። እናቴ ቁልፏን ይዛ በሳምንት አንድ ቀን እየሄደች አቧራ ትጠርግ ነበር። ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ተመለሱ፤ ወደ ላይብረሪው ግን እንደ ድሮው አልተመለሱም። ዓመታት እንዲሁ አለፉ። ካቻምና ነሐሴ ላይ ኃላፊዎቹ ሠራተኛውን ሰብስበው ላይብረሪው «ዲጂታል» እንደሚሆን አበሰሩ። 14 ላፕቶፕ ይገባል፣ መደርደሪያ ይቀነሳል፣ ላይብረሪያኗም ተማሪዎችን ኢንተርኔት ላይ ባሉ መሣሪያዎች ታግዛለች። ካልቻለች ንብረት ክፍል ትዛወራለች። ይህን የመጨረሻውን የነገሯት ስብሰባው ላይ ሳይሆን ኋላ ኮሪደር ላይ ነው። (የትምህርት ቤት በራሪ ወረቀት ላይ «ዲጂታል» የሚለው ቃል ስንት ብር እንደሚያወጣ እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፣ አውቃለሁ። እናንተም የምዝገባ ክፍያ ስትከፍሉ ታውቁታላችሁ።)

በዚያ ማታ ቤቴ መጣች። 50 ገጽ ያለው አዲስ ደብተር ገዝታለች፣ ሽፋኑን እንደ ተማሪ በጋዜጣ ለብጣዋለች።

«አስተምሪኝ» አለችኝ።

እኔ በቢዝነስ ዲግሪ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ፓወር ፖይንት ስሠራ፣ የፌስቡክ ማስታወቂያ ስለቅ ነው የምውለው። ሁለት ቅዳሜ ይበቃናል ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሙሉውን አካውንት መክፈቻ ሆነ። ፓስወርድ ምረጪ ስላት ትንሽ አስባ 963 ብላ ጀመረችና ልጅ ሆኜ ትጠራኝ የነበረውን የቁልምጫ ስም አስከተለችበት። (አሁን ቀይረነዋል፣ አትድከሙ።) «ኮዱ በየትኛው ስልክ ይላክ?» ሲል ለጊዜው ብዬ የራሴን ቁጥር አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ባልለመደችው ኮምፒውተር ለመግባት በሞከረች ቁጥር ስድስቱ አሃዝ የሚመጣው እኔ ስልክ ላይ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ሽያጭ ዕቅድ ሲናገር እኔ ከጠረጴዛ ሥር ቁጥር እልካለሁ።

አሁን የምታዘቡኝ ቦታ ላይ ደርሳችኋል። እኔ መጥፎ አስተማሪ ነኝ። እናቴ አንገቷን ወደ ኪቦርዱ ደፍታ አንዲት ፊደል ስትፈልግ ደሜ ይፈላል። «እዚያ ጋ እኮ ነው እማዬ! አሁን አይተሽው አልነበር?» እላለሁ። ከዚያ «ቆይ፣ እኔ ላድርገው» እልና ማውሱን እወስድባታለሁ። ጠቅ ጠቅ አድርጌ «ይኸው!» እላታለሁ። እሷ ምንም አላየችም። በሦስተኛው ቅዳሜ ማውሱን ስወስድባት መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺን ማንበብ ሳስተምርሽ መጽሐፉን ነጥቄ አነብልሽ ነበር?»

ቁጣ የለበትም። መልስ የምትጠብቅ ይመስል ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት እጆቼን ከጭኖቼ ሥር አድርጌ መቀመጥ ለመድኩ። ለምሳሌ አይደለም፤ በእውነት ከጭኖቼ ሥር። እናትና አባታችሁን የምታስተምሩ ካላችሁ ሞክሩት፤ መጀመሪያ ላይ ያሳክካል።

እጄ ሲታሰር ዓይኔ ሥራ አገኘ። ደብተሯን ያየሁት ያኔ ነው። በእኔ ቃላት አልነበረም የጻፈችው። ሜኑ የሚከፍቱትን ሦስት ነጥቦች «ጓዳ» ብላቸዋለች። ሊንክን «በር» ብላዋለች። «ጓዳ ገብተሽ፣ ከላይ ሁለተኛውን አውርጂ» ይላል አንዱ መስመር። እኔ ደጋግሜ «ሴቲንግስ፣ ሴቲንግስ» ስላት የከረምኩት ለካ ቤቷ ውስጥ ስም ነበረው።

ጥቅምት ላይ የመጀመሪያዋን የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ልትይዝ ሆነ። የ7ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ካሁት የሚባለውን ታውቁት ይሆናል፤ ጥያቄው በትልቁ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ልጆቹ በየመሣሪያቸው ከአራቱ ቀለማት አንዱን ይጫናሉ፣ ፈጥኖ በትክክል የመለሰ ብዙ ነጥብ ያገኛል። ለግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ብትወድቅ ላነሳት ነው የሄድኩት፤ እሷ ያን አታውቅም።

ገና ስትጀምር ፕሮጀክተሩ ያለበት ላፕቶፕ ኮድ ጠየቃት። ስልኬ ጮኸ። እናቴ በ40 ተማሪ ፊት ከፊት ወደ ኋላ ተጣርታ «ልጄ፣ ቁጥሩ መጣ?» አለችኝ። አርባው አንገት ዞረ።

«ሚስ፣ ልጅዎ ናት?» አለ አንዱ።

«አዎ፣ ልጇ ነኝ» አልኩ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ። ከዚያ ቁጥሩን አነበብኩላት።

ልጆቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ በየላፕቶፑ ስም ማስገባት ነበረባቸው። የቡድን ስም ምረጡ ስትላቸው ስክሪኑ ላይ «ዶሮ ወጥ»፣ «እንቅልፌ መጣ» እና «ሚስ ዝም በሉ» የሚሉ ስሞች ብቅ አሉ። እኔ በሐፍረት ተኮማተርኩ። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ አንድ በአንድ በቁም ነገር አነበበቻቸው። «ሚስ ዝም በሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አራተኛው ጥያቄ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶን ያሸነፈበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር የሚጠይቅ ነበር። ሰዓቱ አለቀ፤ ከቡድኖቹ አብዛኞቹ 1953ን መርጠው ተሳስተዋል። ወዲያው ጫጫታ ሆነ። ውድድሩ በሴፕቴምበር 1960 ነው፤ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 7 ነው የሚቀነሰው፤ ስለዚህ 1953 ነው፤ መሣሪያው ተሳስቷል፣ ነጥባችን ይመለስ! እናቴ ይህን ጫጫታ ስትጠብቅ የነበረች ትመስላለች። «ሴፕቴምበር ስንት?» አለቻቸው። ፈለጉ። ሴፕቴምበር 10። «አዲስ ዓመታችን የሚገባው መቼ ነው?» ሴፕቴምበር 11። ዝም አሉ። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። አንዲት ልጅ በቀስታ «በነጋታው እንቁጣጣሽ ነበራ» ስትል ሰማኋት።

ከዚያ ጨዋታው ቆመ። ስክሪኑ ባለበት ደረቀ፣ እናቴ የጫነችው ሁሉ አልሠራ አለ። እኔ ከወንበሬ ልነሳ ስል አንድ ከኋላ የሚቀመጥ፣ እስካሁን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ የነበረ ልጅ ቀድሞኝ ሄደና ገጹን አድሶ ከቆመበት አስቀጠለው። እናቴ አመስግናው ብቻ አላለፈችም። ደብተሯን አወጣች። «እስኪ ድገምልኝ፣ ልጻፈው» አለችው። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ አርባ ልጅ ያያል። እኔ 12 ዓመት በዚያ ግቢ ስማር አስተማሪ ተማሪ የነገረውን ሲጽፍ አንድም ቀን አላየሁም። ልጁ ሲመለስ አረማመዱ ተለውጧል።

ይህን ስነግራችሁ ነገሩ ሁሉ የተቃና እንዳይመስላችሁ። ዋይፋዩ ሰኞ ሰኞ ይጠፋል። መብራት ከሄደ ላፕቶፖቹ አንድ ሰዓት አይቆዩም። ለታናናሾቹ ክፍሎች አፍሪካን ስቶሪቡክ ከሚባለው ከደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ነፃ የሕፃናት ታሪኮች ድረ ገጽ የአማርኛዎቹን እያወረደች በፍላሽ መያዝ የጀመረችው ከዚህ የተነሣ ነው። (ቤት ውስጥ ማንበብ የጀመረ ልጅ ካላችሁ እናንተም እዩት፤ ለአውርዱት ገንዘብ አይጠይቃችሁም።) ከሁሉ የከፋው ግን በኅዳር የመጣው ነው።

የታሪክ መምህሩ ስለ አድዋ ድል አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዘዘ፣ እናቴ ደግሞ በጎግል ክላስሩም እንዲያስገቡ ረዳቻቸው። ሁሉም በሰዓቱ አስገቡ። እናቴ በደስታ ደወለችልኝ። በማግስቱ ማታ እንደገና ደወለች፤ ድምፅዋ ወርዷል። 11 ልጆች «የአድዋ ጦርነት መጋቢት 1 ቀን 1896 ዓ.ም. ተካሄደ» ብለው ጽፈዋል። አስራ አንዱም በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር። ከእንግሊዝኛ ገጽ ቀድተው በማሽን አስተርጉመውታል፤ ማርች 1 መጋቢት 1 ሆኗል፣ 1896ቱ ላይ «ዓ.ም.» ተለጥፎበታል። የካቲት 23 ቀን 1888ን አገሩ ሁሉ በሚያከብርበት ከተማ የተወለዱ ልጆች ናቸው!

«እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩላቸው» አለችኝ። «ድሮ ሲቀዱ ቢያንስ በእጃቸው ይጽፉት ነበር።»

ንብረት ክፍሉ ይሻለኛል ያለችው ያን ማታ ነው። እኔም ብዙ የማጽናናት ተሰጥኦ የለኝም። «ሁሉም ሰው እኮ ኮፒ ፔስት ነው የሚያደርገው እማዬ፣ እኛም ቢሮ» አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋን ያኔ አልተረዳሁትም።

ቀጥሎ ያደረገችውን እኔ አላስተማርኳትም፤ አላውቀውማ። ልጆቹን ሰብስባ ዊኪፒዲያን ከፈተችና የገጹን የለውጥ ታሪክ የሚያሳየውን ቦታ ተጫነች። ማን መቼ ምን እንደጨመረ፣ ማን ምን እንደሰረዘ፣ መስመር በመስመር ተዘርግቷል። «ይህ የመጽሐፉ ጀርባ ነው» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሥራ ሲገባ ከሥሩ ሦስት ነገር መጻፍ ግዴታ ሆነ፦ ማን ነው ያለው? መቼ ነው ያለው? ሌላ ማን ይላል? ለሦስተኛው ቢያንስ አንዱ ከመደርደሪያ መምጣት አለበት። ልጆቹ ከላፕቶፑ ወደ 963፣ ከ963 ወደ ላፕቶፑ መመላለስ ጀመሩ። አንዱ እንዲያውም ከመደርደሪያው ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ የተሳሳተ ዓመት አግኝቶ እየሮጠ መጣ። የኅትመት ስህተት ነው። እናቴ ዳሩ ላይ በእርሳስ አርማ የልጁን ስም ጻፈችበት። በ27 ዓመት መጽሐፍ ላይ እንዲጻፍ ስትፈቅድ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ግን ተራው የእኔ ሆነ። የምሠራበት ድርጅት ቡና ቆልቶ አሽጎ ይሸጣል። ለገና ኤግዚቢሽን የሚሆን 3,000 ብሮሸር እያሳተምን ነበር፤ ሽፋኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሑድ እናቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ ላፕቶፑን አዙሬ አሳየኋት። የጠዋት ጭጋግ፣ በመስመር በመስመር የተተከለ አረንጓዴ ቡና፣ መጨረሻው አይታይም። ከሥሩ «ከጅማ ጫካ እስከ ሲኒዎ» ይላል። ኮርቼበታለሁ።

እናቴ የተወለደችው ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ይህ የት ነው?»

«ጅማ ነዋ።»

«ዋንዛውስ? ብርብራውስ የታል? የእኛ ቡና እኮ ጥላ ሥር ነው የሚኖረው። ይህ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነው የሚመስለው።» ከዚያ ያቺን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ጅማ ነው ያለሽ ማን ነው?»

ማንም። ጎግል ላይ የቡና እርሻ ብዬ ፈልጌ ከሁሉም ያማረውን ነው ያነሳሁት። እናቴ ስልኳን አውጥታ በጎግል ሌንስ ስክሪኔን አነሳችው፤ ይህንንም ልጆቹ ናቸው ያሳዩዋት። ያው ፎቶ ተደርድሮ መጣ። ፎቶ በሚሸጥበት አንድ ገጽ ላይ የተነሳበት ቦታ ተጽፏል፤ ብራዚል፣ ሚናስ ዤራይስ። ቡናው እንኳ የሌላ፣ ፎቶውም ያልከፈልንበት።

እናቴ ምንም አልጨመረችም፤ ሁለተኛውን ሲኒ ጠጥታ ሄደች። ሰኞ ጠዋት ግን ሽፋኑ ማተሚያ ቤት መግባቱን እያወቅሁ ቢሮ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ። ማን ያውቃል? ማን ብራዚልን ከጅማ ይለያል? እስከ ምሳ እንዲህ እያልኩ ቆየሁ። ስምንት ሰዓት ላይ የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳሁ። ሽፋኑ ታትሞ አልቆ ነበር። ነገሩን ሰምቶ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየ።

«ማን ነው ያወቀው?»

«እናቴ።»

«ምን ትሠራለች?»

«ላይብረሪያን ናት» አልኩት።

የድጋሚ ኅትመቱ ወጪ በዚያ ሩብ ዓመት ልንከፋፈለው ከነበረው ቦነስ ላይ ወጣ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ለሁለት ሳምንት ያህል ምሳ ላይ ብዙም አያናግሩኝም ነበር። አዲሱ ሽፋን ቡና ለመግዛት ጅማ የሚመላለሰው ልጃችን በስልኩ ያነሳው ነው። ትንሽ ደብዝዟል። ዋንዛው ግን ይታያል።

የእናቴ ነገር ምን ሆነ ካላችሁ፣ በሰኔ ኃላፊዎቹ ወሰኑ። ላይብረሪያኗ ባለችበት ትቀጥላለች። መደርደሪያው ግን በግማሽ ተቀነሰ፤ የቀሩት መጻሕፍት በካርቶን ታሽገው ንብረት ክፍል ገቡ። እሷ ሳትሆን እነሱ ተዛወሩ ማለት ነው። ያን ቅዳሜ ካርቶን ስንሸከም ዋልን። የትኛው ይቅር የትኛው ይሂድ የሚለውን እሷው መምረጥ ነበረባት፤ አንዳንዱን ካርቶን ሁለቴ ከፍታ ዘጋችው። 963 አልተነካም፤ ከላፕቶፖቹ ጎን አስጠግታዋለች። የታሸጉትን በሙሉ በኤክሴል መዝግባለች፤ ልጅ ሲጠይቅ ዓርብ ዓርብ ቁልፉን ተቀብላ ሄዳ ታመጣለች። ደስ ብሏታል ልላችሁ አልችልም። ካርቶን ባየች ቁጥር ፊቷ ይለወጣል።

በዚህ ዓመት መስከረም፣ አንድ ማክሰኞ፣ ስልኬ ዝም ማለቱን ልብ አልኩ። ማክሰኞ የ7ኛ ክፍል ቀን ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ኮዱ መምጣት ነበረበት። አራት ተኩል ሆነ። ኔትወርክ የለም እንዴ ብዬ ስልኬን አጥፍቼ አበራሁት። አምስት ሰዓት ሲሆን አላስቻለኝም፣ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ኮዱ አልመጣም እኮ። መግባት አቃተሽ እንዴ?»

ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ወደ እኔ ስልክ ቀይሬዋለሁ» አለችኝ። «ጓዳ ገብቼ ነው የቀየርኩት። አሁን ክፍል ውስጥ ነኝ ልጄ፣ ማታ እደውልልሻለሁ።»

ዘጋችው።